የማስመሪያው ጆሮዎች

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ! ከክሊኒካችን ሁለተኛ ፎቅ አንድ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ መሰወሩን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ብስኩት እንደሌለ እናሳስባለን። የወሰደው ሰው ሳይቀምስ እንዲመልስ በትሕትና እንጠይቃለን። አስተዳደሩ።»

ማስታወቂያው በመስታወቱ በር ላይ «ያልወደዱትን ይቀይሩ!» ከሚለው መፈክር ሥር ተለጥፏል። ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ብስኩት ካልሆነ ምንድን ነው?»

አብሯት የመጣው ሳጅን ሳቁን ዋጠ። «ጆሮ ነው፣ አለቃዬ። ጥንድ ጆሮ።»

የሲሊኮን ጆሮ ነው፤ በእጅ ተሠርቶ፣ በእጅ ተቀብቶ ያለቀ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። በሥራ ዘመኑ «ማስመሪያው» ይሉት ነበር፤ ለወዳጅም ለጠላትም አይጎብጥም። ከሁለት ዓመት በፊት የማድ ቤቱ ጋዝ ፈንድቶ ሁለቱንም ጆሮዎቹን እሳት በላቸው። መስማቱን ይሰማል፤ የጠፋው ቅርጹ ነው። ከዚያ ወዲህ በሐሩሩም በብርዱም የሱፍ ቆብ እስከ አንገቱ ደፍቶ ይኖራል። መነጽሩን በክር ከራሱ ጋር ያስራል።

አርብ ልጁ ዳኛ ሆና ቃለ መሐላ ትፈጽማለች፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን በፈጀበት ችሎት። እዚያ ችሎት ቆብ አድርጎ መግባት ክልክል ነው። ስንቱን ባለቆብ በፖሊስ ያስወጣው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ማስመሪያው ነው።

«ወይ ባለጆሮ ሆኜ እገባለሁ፣ ወይ አልገባም» ብሏል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

በእንግዳ መቀበያው የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አፍንጫቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሳጅኑ ወደ ተቀባይዋ ጠጋ አለ።

«ዘመዳሞች ናቸው?»

«የአንድ ሐኪም እጅ ናቸው» አለችው፣ በዚያው አፍንጫ ቁልቁል እያየችው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የቅርጽ ሠሪው ክፍል አለ። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የሰው ቆዳ ቀለም የሚመሳሰለው በቀን ብርሃን ብቻ ነውና። ጠረጴዛው ላይ ቀጫጭን ብሩሾች፣ የቀለም ብልቃጦች፣ ለደም ሥር የሚሆኑ ቀያይ ክሮች ተደርድረዋል። ቅርጽ ሠሪው ሌሊቱን ያላለቀሰ ሰው አይመስልም።

«በሩ ተሰብሯል?»

«ኧረ! ቀን ክፍት ነው። ጆሮ ማን ይሰርቃል ብዬ!»

«ሌላስ የጠፋ ነገር አለ?»

«ጄሶው። ጆሮዎቹን ያወጣሁበት ቅርጽ። እሱ ቢኖር ሳልተኛም ቢሆን ለአርብ ሌላ ጥንድ አደርስ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ይህችን ቃል ያዘች። ተራ ሌባ ቆርቆሮውን ያነሣል፤ ጄሶ ግን አይሸከምም። ይህኛው ዳኛው ሌላ ጆሮ እንዳያገኝ ፈልጓል።

«ዳኛው እዚህ ቤት የተጣላው ሰው አለ?»

ቅርጽ ሠሪው በጣቱ ወደ ታች አመለከተ።

አፍንጫዎቹን የሠራው ዶክተር ታች ቢሮው ውስጥ ተቀብሎ አስቀመጣቸው። ጸጉሩ ለዕድሜው ያስቀናል፤ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ንፋስ የማይደፍረው።

«ከዳኛው ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ጥል አይባልም። ጎማ ከምትለጥፍ ከጎድንህ ለስላሳ አጥንት ወስጄ እውነተኛ ጆሮ ልሥራልህ አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ከጎድን አጥንት ሰው ሲሠራ ምን እንደተከተለ አንብቤአለሁ› አለኝ። በደንበኛ ፊት!»

«ከኋላዎ ያለው የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ምን አለ?»

«የግል ዕቃ።»

«ይክፈቱት።»

«አይሆንም!»

ዶክተሩን ላብ አጠመቀው። ሳጅኑ አለቃውን በዓይኑ ጠቀሰ፤ ተያዘ!

ቁልፉ ዞረ። በመደርደሪያው ላይ ሦስት የስፖንጅ ራሶች ቆመዋል። በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ንፋስ የማይደፍረው ጸጉር። ከበላዩ ግድግዳው ላይ «ራሰ በራነት ድሮ ቀረ!» የሚል የክሊኒኩ ፖስተር ተሰቅሏል።

«ለሰው አይነገርም» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ወንጀል አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ በሩንም ራሷ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ደረጃው ላይ ሳጅኑ ተነፈሰ። «ሌባ ስንፈልግ ራሰ በራ አገኘን።»

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ከሚስቱ ጋር ወደ ቅርጽ ሠሪው ክፍል መጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ወንበር ቢሰጡት አልተደገፈበትም።

«ጠላት አለብዎ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የፈረድኩባቸውን ሁሉ ጠይቂያቸው፣ ልጄ። ዕድሜ ከበቃሽ።»

«ቆብዎን ለአፍታ ሊያወልቁልኝ ይችላሉ?»

ሚስቱ እጇን ዘረጋች፤ ልትከላከል ይመስል። እሱ ግን አወለቀው። በግራና በቀኝ፣ ጆሮ በነበረበት ቦታ፣ የቀለጠ ሻማ የመሰለ ጠባሳ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን አልሰበረችም። አንድ ሐሳብ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀመጠ። ወደ ቅርጽ ሠሪው ዞረች።

«ጄሶው የተቀዳው ከምን ላይ ነው?»

«ከ... ከድሮ ፎቶግራፋቸው።»

«ጄሶ ከፎቶግራፍ ላይ ይቀዳል?»

ቅርጽ ሠሪው ብሩሽ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ። ዳኛው ግንባሩን ቋጠረ። ሚስትየው ተነሥታ የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች፤ «ውሃ አጠጪኝ፣ ልጄ» ብላ ወደ ኮሪደሩ ጎተተቻት።

«አደራሽን እሱ እንዳይሰማ» አለች በሹክሹክታ። «አንድ ጆሮ የቀረው ሰው ቢሆን ከቀረው ይቀዱለታል። ሁለቱንም ላጣ ሰው ግን የሥጋ ዘመድ ይፈለጋል። ታናሽ ወንድሙን ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ባሌ ቢያውቅ ግን ጆሮዎቹን መንገድ ላይ ይጥላቸዋል።»

«ለምን?»

«ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። የወንድሙ ልጅ ጠጥቶ ሲነዳ ሰው አቆሰለ። ወንድሙ ደጃችን መጥቶ፣ ጉዳዩን ለያዘው ዳኛ አንድ ቃል ተናገርልኝ አለው። ባሌ በሩን ዘጋበት። ልጁ ሁለት ዓመት ታሰረ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ቅርጽ ሠሪው ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድምየው ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጥተው ነበር። ጆሮዎቹን አንዴ ልያቸው አሉኝ። እኔም... ዳኛው በጣም እንደወደዷቸው፣ ከፎቶግራፍ የተሠሩ እንደሚመስሏቸው ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው! ከዚያ ሻይ ላመጣላቸው ወጣሁ።»

«ጄሶው ካለ ሌላ ጆሮ እንደሚወጣ ያውቃል?»

«ሲቀዱ ጊዜ እኔው ነኝ የነገርኳቸው።»

ዳኛው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ሁሉንም ሰማ። ቆቡን ደፋ።

ወንድምየው ከአንድ ጋራዥ ጎን የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል። ሱቁ ቆዳና ማጣበቂያ ይሸታል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ቀና አላለም፤ በቆልማማ መርፌ አንድ ወንበር ይሰፋ ነበር። እሷም የራሱን ጆሮዎች አየች። ቅርጽ ሠሪው በስልኩ ካሳያት የጠፉት ጆሮዎች ፎቶ ጋር አንድ ናቸው፤ ረጃጅም፣ የግራው ጫፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጥግ እጥፍ ያለ። ሰው መልኩን የራሱ ንብረት ያደርገዋል። ግን ከአባት ከእናት በጋራ የተገኘ ርስት አይደል? አንዱ ቢያጣ ከሌላው ደጅ ይገኛል።

«ጋሼ፣ ጆሮዎቹ የት አሉ?»

«ሁለቱም ራሴ ላይ ናቸው።»

«ሌሎቹ ሁለቱ።»

መርፌው አልቆመም። «እነሱም የኔ ናቸው፣ የኔ ልጅ። ሰው የራሱን ጆሮ ሲወስድ ሌባ ይባላል?»

«ገንዘብ የከፈለባቸው ዳኛው ናቸው። ልፈትሽ እችላለሁ።»

«ፈትሺ። ቤቱ ያውልሽ። ከፈለገ ግን ራሱ ይምጣ።»

«መጥቻለሁ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዳኛው በሩ ላይ ቆሟል። ሳጅኑ ከኋላው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ማን ያስቀረዋል እንደማለት።

«ክቡር ዳኛ!» አለ ወንድምየው፣ ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሣ። «እንኳን ደህና መጡ። ያኔ ደጅህ ድረስ መጥቼ አንድ ቃል ለመንኩህ። ለልጄ። አንድ ቃል ነፈግከኝ። አሁን ጆሮዬን ያለ አንድ ቃል ልትወስድ?»

«አላወቅሁም ነበር።»

«ይኸው አወቅህ።»

ዳኛው ቆቡን አወለቀ። ወንድምየው ቀና አለ። ከአደጋው ወዲህ አይቶት አያውቅም። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«ያኔ ያልኩህን ዛሬም እላለሁ» አለ ዳኛው። «የቆሰለውም ሰው ወንድም ነበረው።»

«ይህን ልትነግረኝ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?»

«አይደለም።» ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጆሮህን እንድትሰጠኝ ልለምንህ ነው።»

ጋራዡ ውስጥ አንድ መዶሻ ብረት ይቀጠቅጣል። ወንድምየው መቀሱን አነሣና አሁን ሲሰፋው የነበረውን ወንበር ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ከስፖንጁ መሐል ሰማያዊ ቆርቆሮ አወጣ። ቀጥሎም በጨርቅ የተጠቀለለ ጄሶ።

«ጄሶውንም ያዘው» አለ። «ጎማ ያረጃል።»

አርብ ዕለት ችሎቱ ሞልቷል። ልጅቷ እጇን አንሥታ ስትምል ድምፅዋ አንዴ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ዳኛው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆብ የለሽ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ያለ ክር ቆሟል። ከጎኑ ወንድሙ አለ። ሁለቱ አልተያዩም፤ አልተነጋገሩም። ከኋላቸው የተቀመጡት ሴቶች ግን አራቱን ጆሮዎች እያዩ «አቤት መመሳሰል! ደም እኮ አይደበቅም» ተባባሉ።

ኢንስፔክተሯ ዳኛውን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«ክሱን አንሥቻለሁ» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ሰውዬው አምኗል እኮ። እርስዎም ጥፋት አይተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም።»

«አንሥቻለሁ አልኩሽ፣ ልጄ።»

«አለቃዬ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። ይቅር አሉት ልበል?»

«አትበይ።»

«ያኔ ተሳስቻለሁ ብለዋል ልበል?»

«አልተሳሳትኩም።»

«ወንድሜ ስለሆነ ነው ልበል?»

«እንዳትይ!»

«ታዲያ ለምን?»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገ። መልሶ አደረገው። ወንድሙ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ ወደ ላይ እያየ ነበር።

«አልናገርም» አለ።