አሥራ ሰባት ቁጥር ሲሊንደር

የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ፈንታሁን የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ከነርሷ ወንበር ስድስት እርምጃ ርቀው ነው። ኢንስፔክተር ማስተዋል ደብረ ታቦር መሃል ወዳለው ክሊኒክ ስትደርስ አስከሬኑ አራተኛው አልጋ ላይ ተሸፍኖ ነበር። ሳንባቸውን ታመው በኦክስጅን ይተነፍሱ ነበር፤ ሲሊንደሩ አልቆ ተገኘ። ሊያልቅ ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ቀይ ማብራት ነበረበት። አላበራም።

«የቀረውን የሚያሳየው ቁጥር ስንት ይል ነበር?» አለች ማስተዋል።

ነርሷ ውዴ አንገቷን ደፋች። «ቁጥሩን ማን ያያል፣ ኢንስፔክተር? እኛ የምናየው ቀለሙን ነው። ወደ ሲሊንደሩ በእጃቸው ጠቆሙኝ፤ ቀና ብዬ ሳይ አረንጓዴ ነው። ተረጋጉ ብያቸው ወጣሁ።»

ማስተዋል አዘነች ቢባል ውሸት ነው፤ ተናደደች። ሰው አየር አጥሮት እየጠቆመ ቀለም ይታመናል?

ስክሪኑን የሠራው ቢላል በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከሃያ በመቶ በታች ቀይ በሚለው ደንብ ላይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት በእሱ ስም ‹ምንጊዜም አረንጓዴ› የሚል ሌላ ደንብ ተጨምሯል። ለእስር የቸኮለው ሳጅን ካሳሁን መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል።

«ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው ማስተዋል።

«ጎብኚ ስለሚመጣ ቀዩን አጥፋልኝ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። የይለፍ ቃሌ እዚያ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ቀለም አቀያየሩንም ውዴንም አያ ጥላዬንም አስተምሬያለሁ። ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

የሲሊንደሮቹ ጠባቂ አያ ጥላዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

ማስተዋል ደንቡን አስከፍታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ባዶው ሲሊንደር ወደ ግምጃ ቤት እንዲመለስ አዘዘችና ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበች።

«ውዴ፣ በሽተኛሽን በምን ታውቂዋለሽ?»

«በአልጋው ቁጥር።»

«ቢላል፣ ስክሪኑንስ በምን ከፋፈልከው?»

«በአልጋ። ግምጃ ቤት ያሉት ብቻ ከታች ለብቻቸው ይታያሉ።»

«ደንቡ ግን አልጋ አይልም፤ ሲሊንደር አሥራ ሰባት ነው የሚለው። እዩት፤ ግምጃ ቤት ተመልሶ እንኳ፣ ከቀያዮቹ ባዶዎች መሃል እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። እዚህ ቤት ሲሊንደርን በቁጥሩ የሚጠራ አንድ ሰው ነው። የትኛው ለየትኛው አልጋ እንደሚሄድ የሚመርጡትም እሳቸው ናቸው።» ዞር አለች። «አያ ጥላዬ፣ ለምን?»

ሽማግሌው አልካዱም።

«ልጄ የሺ የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ አልጋ ላይ ሞተች። ያኔም ፈንታሁን ጎብኚ ይመጣል ብሎ ቀዩን አስጠፍቶት ነበር። አየር አጠራት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹አረንጓዴ ነው፣ አይዞህ› አለኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ባለፈው ሳምንት ቢላልን ቀዩን አጥፋ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ይህን ልጅ በእርስዎ ጥፋት ሊያስሩት ነበር እኮ።»

«እሱ ብቻ ነው የቆጨኝ።»

ማስተዋል የቢላልን ካቴና ፈታች።

«ሲሞቱ አጠገባቸው ነበሩ?»

«ውዴ ስትወጣ ገባሁ» አሉ አያ ጥላዬ። «እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። አረንጓዴ ነው፣ አይዞህ አልኩት።»

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ለካቴናው ዘረጉ።