መድኃኒት የቀመሱ ቀንድ አውጣዎች

አርጃኖው በሣጥኑ ውስጥ ደርቆ የተገኘው ጠዋት ነው። ቁርስ ሳይቀርብ ጌታው፣ ጡረተኛው አናጺ፣ ሴት ልጁን ከነባሏ ከቤት ሊያስወጣ ተነሥቶ ሻንጣቸው በር ላይ ቆሟል። ጎረቤታቸው በፖሊስ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች መርማሪ ናት። «ድረሺልኝ» ተብላ ስትመጣ ለእንሽላሊት ዘመድ መጠራቷ ሊያስቃት ነበር፤ የአናጺውን ዐይን ስታይ ግን ተወችው።

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለ። «የሜዳ ነፍሳት አላስነካውም። ማን ምን እንደረጨበት በምን አውቃለሁ? የሚበላው እኔው ያረባሁትን ፌንጣና ትል ብቻ ነው። ሚስቴን እንኳ ‹አንድ ቀን አብዪው› እያልኩ ስለምናት ኖርኩ፣ ፈርታ አልቀረበችውም። ሦስት ቀን ምግብ እምቢ ቢለኝ ትናንት ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ። አማቼ ደግሞ ጣቱን ከተነከሰ ወዲህ ዐይንህን ላፈር ብሎታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

አማቹ የጓሮው አትክልተኛ ነው። «ገድዬው ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ። «ጎመኑን ቀንድ አውጣ ፈጀብኝና ሰማያዊ መድኃኒት በተንኩ። ደብቄም አይደል፤ ‹ቀንድ አውጣዎቹ መድኃኒት ቀምሰዋል!› ብዬ ከጓሮ ጮኬ ተናግሬያለሁ። አማቴ እማማ እንኳ ሰምተው ‹ተባረክ ልጄ› ብለውኛል።»

መርማሪዋ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠች። በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ወጡ፤ ሰማያዊ ብናኝ ነክቷቸዋል፣ አንዱም አልተሰበረም። ወጥ ቤት ስትገባ የአናጺው ሚስት አንዲቱን ሰሐን ደጋግማ ትወለውላለች።

ነገሩ ገባት። ምነው ባልገባኝ አለች በሆዷ። ዝም ብትል ልጅቱና ባሏ ጎዳና ሊወጡ ነው። ብትናገርስ? በዚያ ሁሉ የሥራ ዓመት እንዲህ አቅም ያነሳት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ሁሉንም በሣጥኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የገደለው የጎመኑ መድኃኒት ነው፤ ብናኙ ይኸው» አለች። «አማችዎ ግን አላበላውም። አርጃኖ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ እንደሚቆረጥም እርስዎም እሱም ታውቃላችሁ። ይህን ቅርፊት ግን ጥርስ አልነካውም። በመርፌ ተፈልቅቆ፣ ሥጋው ታጥቦ በሰሐን ቀርቧል። አብልቶት የማያውቅ፣ ግን በሽተኛ ማስታመም የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።»

«ማን?» አለ አናጺው።

«ለመርዝ ማን ‹ተባረክ› ይላል? ‹መድኃኒት› ለአትክልተኛ ሌላ ነው፤ ቤቱ በሽተኛ ለተኛበት ሰው ደግሞ ሌላ።»

ሚስትየው ሰሐኗን እንደያዘች ወደ ሣጥኑ ቀረበች።

«የሚያድን መስሎኝ…» አለች። «ሲጨነቅ አላስችል ቢለኝ… ይሄ ልጅ መድኃኒት ቀምሰዋል ሲል፣ እንደ ዶሮ የከተባቸው መሰለኝ። እጄን በቆረጠው!»

አማቹ አንገቱን ደፋ።

አናጺው ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ከእጅሽ በላ?»

«ከእጄ።»

«አልነከሰሽም?»

«አልነከሰኝም። ሲጨርስ ጣቴን ላሰኝ።»

አናጺው ሰሐኗን ተቀብሎ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ አለና፣ «እኔ ሳላይ!» ብሎ አለቀሰ።