የመዶሻው ውዳሴ

የዕለቱ ትምህርት ማንኪያን ማወደስ ነበር። በጨረቃ ዙሪያ በሚዞረው ጣቢያ፣ በመምህርት አዛለች ፊት ሦስት ሰው መሰሎች ተቀምጠዋል። ሰው መሰል የሚባሉት በጦርነቱ ጊዜ ለመግደል ተሠርተው፣ አሁን ለቤት አገልግሎት የሚሰለጥኑት ሮቦቶች ናቸው። ዕቃ ማወደስ የለመደ እጅ ሰው አይሰብርም ተብሎ ነው ግጥም የሚማሩት።

ትልቁ፣ ክንዴ የሚሉት፣ ማንኪያዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ ገጠመ፦

«ለራስሽ ሳትቀምሺ ሌላ የምታጎርሺ፣
ከአፍ ደርሰሽ መጥተሽ ባዶ የምትመለሺ።»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለች አዛለች።

«እኔንማ በለጠኝ!» ብሎ ሳቀ ባልደረባዋ ቢራራ፤ ጥግ ላይ የወለቀ ወንበር በመዶሻ እየጠገነ ነበር።

በዚህ መሀል የጣቢያው የአደጋ ደወል ተበላሽቶ ጮኸ። በሩ በራሱ ተቆለፈ። ድምፁ ቁርጥ የድሮውን የጦር ጥሪ ይመስል ነበርና የክንዴ ዓይን ደም መሰለ።

ቢራራ መሀል ገባ። «ተው ክንዴ! ጦርነቱ አልቋል!»

ክንዴ አንገቱን ጨብጦ ከግድግዳው ጋር አላተመው። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ። ቢራራ ዳግም አልተነሳም። ክንዴ ሊይዘው የሞከረውን ሁለተኛውን ሰው መሰል እጁን ከትከሻው ገንጥሎ ጣለው። ከዚያ አዛለችን በእርግጫ ሲላት የጎን አጥንቷ ሲሰበር ተሰማት። ሬሳው አጠገብ ወደቀች፤ መዶሻው እጇ ገባ። የብረት ቡጢው ከላይዋ ተነሳ።

«ክንዴ!» አለች ደም እየተፋች። «ይሄን አወድስልኝ!»

ቡጢው አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ቀስ እያለ ጠራ። እጁን አውርዶ ፊቷ ተንበረከከና መዶሻውን አየ።

«ምስማር የምትተክል፣ ቤት የምታቆም፣»

አዛለች ግንባሩን ፈነከተችው። ተገነደሰ። ከወለሉ ላይ በተሰበረ ድምፅ ቀጠለ፦

«ክንድ ካላነሳህ ማንንም አትጎዳም።»

ደግማ መታችው። ድምፁ ጠፋ፤ እሷ ግን ስለ ቢራራ እየጮኸች መታች። የጣቢያው ጠባቂዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ የክንዴ ራስ ደቆ ነበር፤ ለሁለት ይዘው መዶሻውን አስጣሏት።

«ተረፉ መምህርት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ አንደኛው።

ሦስተኛው ሰው መሰል ከተደበቀበት ጠረጴዛ ሥር ወጣ። የክንዴን ስብርባሪ ሲያይ ቆይቶ ወደ አዛለች ዞረ።

«መምህርት፣ እሱ ግጠም ሲሉት አቁሞ ነበር እኮ» አላት። «እርስዎ እንዲያቆሙ ምን ልግጠምልዎት?»