ኢንተርኔት የጠፋባቸው አርባ ደቂቃዎች

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል፣ ሰው ከምሳ የሚመለስበት ነው። መነጽሩ ከአፍንጫው አልወረደም። ከጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም በጣውላው ወለል ላይ ተንሸራቶ እስከ መደርደሪያው ግርጌ ደርሶ ረግቷል።

ያገኘችው የእህቱ ልጅ ነበረች፤ በሥራው ረዳቱ፣ በቤቱ እንደ ልጁ። ጩኸቷን ሰምቶ ከየደጁ የወጣው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ማን ሞተ?» ብሎ አልነበረም። «ዘጉት እንዴ?» ነበር ያለው።

ሳምንቱን ሙሉ የሚጠበቀው የኢንተርኔቱ መዘጋት ነበርና።

ወሬው ከየት እንደ ተነሣ የሚያውቅ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ኢንተርኔት እንደ ድሮው አይሆንም ተባለ። እስከ ዛሬ ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚሄድበት መንገድ ነበር፤ አሁን ግን ኬላ ሊቆምበት ነው፤ የትኛው ገጽ ቶሎ እንደሚከፈት፣ የትኛው እየተጎተተ እንደሚመጣ፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይከፈት የሚወስነው አገልግሎቱን የሚሸጠው ድርጅት ነው ተባለ። ድርጅቱ እውነት ነው አላለም፤ ሐሰት ነውም አላለም። ዝምታው ከወሬው ይልቅ አስፈራ።

ሟቹ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ብሎ የነፃ ገጾችን እየገለበጠ በዲስክ ማስቀመጥ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሰፊዋ የልብስ ቅዱን፣ ልጁ የታመመበት አባት ስለ በሽታው የተጻፈውን፣ ተማሪው የፈተናውን ጥያቄ፣ ሁሉም ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል። እሱም በደብተር መዝግቦ ያስቀምጥለታል። «ጎተራው» ይሉት ጀምረው ነበር።

መርማሪዋ የደረሰችው ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌዋ» ይሏታል፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለም ለማለት ነው። እሷም ብትሆን እንደ ሰው ሁሉ ሰኞን ፈርታ ነው የሰነበተችው።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አላት ሳጅኑ። «ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ከሆነ ለምን ጠራኸኝ?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። «ልጅቷ አልቀበልም ብላ ነው።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። የሟቹን መነጽር በጥንቃቄ አውልቃ በዓይኗ ልክ ያዘችውና ወደ መስኮቱ አየች። ውጭ ያለው ዛፍ ጭጋግ ሆነባት። ከዚያ ሳጅኑን መሰላሉን ቀስ ብሎ እንዲያነሣው አዘዘችው። የመሰላሉ ቀኝ እግር ካረፈበት ጣውላ ላይ የደም ክብ ተጨፍልቆ ታየ።

የእህቱ ልጅ ከንባብ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

«ይህ መነጽር የምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የማንበቢያው ነው። እሱን ካደረገ ከክንዱ አልፎ ያለውን አያይም። ለሌላው ሌላ አለው።»

«በምሳ ሰዓት በሩን ለማን ይከፍታል?»

«የፊት በሩን ከውስጥ ይቆልፈዋል። በጓሮ በር የሚገቡት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። መምህሩ፤ እዚህ ነው ፈተና የሚያርመው። ኢንጂነሩ፤ እነዚህን መደርደሪያዎች በነፃ ያሠራልን እሱ ነው። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ ደግሞ የጋሼ አብሮ አደግ ነው፤ ሰሞኑን ግን ተኳርፈዋል።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

የልጅቷ ድምፅ ከሹክሹክታ አላለፈም።

«ቤት ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ኢንተርኔቱ ድርግም ሲል ሰኞ ቀድሞ የመጣ መሰለኝ። ለጋሼ ልነግረው እየሮጥኩ መጣሁ። መንገዱ ሁሉ ሰው ነበር፤ የሚያለቅስም ነበረ። የፊቱን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ውስጥ… ኮቴ ሰማሁ። መጣ ብዬ ቆምኩ። ኮቴው ቆመ። ደግሜ 'ጋሼ!' አልኩ። ምንም። ሸለብ አድርጎት ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ሰባት ተኩል ላይ በጓሮ በር ስገባ ነው ያገኘሁት።» ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። «እሱ አልነበረም አይደል?»

መርማሪዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ዲስኮቹ የተደረደሩበትን ሣጥን ስትመለከት ሠላሳ አንደኛው ቁጥር ቦታው ባዶ ነበር። የማተሚያው ማሽን መዝገብ ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ሦስት ገጽ መታተሙን ያሳያል። መቀበያው ላይ ግን አንድም ወረቀት የለም።

ወፍራሙ ባለ ኢንተርኔት ቤት በሱቁ ደጅ ከመርማሪዋ ጥያቄ ቀድሞ ጮኸ።

«ተጣልተናል፤ አልክድም! 'እኔ የምሸጠውን አንተ በነፃ ታድላለህ፤ ከጉሮሮዬ ላይ እጅህን አንሣ' ብዬዋለሁ። ግን እናቴ ትሙት፣ አብሮኝ ያደገ ሰው ነው!»

«በምሳ ሰዓት?»

«የት እሆናለሁ? መስመሩ ሲጠፋ ደንበኛው ሁሉ አንገቴን ይዞ 'አንተ ነህ የዘጋኸው' ሲለኝ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ አስፋልት ላይ ስለፈልፍ ያላየኝ ሰው የለም። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የተመለሰው።» ድንገት ድምፁ ተሰበረ። «እሜቴ፣ የእናቴ ሐኪም የጻፈውን ነገር እንዲያስቀምጥልኝ ለምኜው ነበር። አስቀምጦልኝ ይሆን?»

ኢንጂነሩ የተገኘው በትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ምድር ቤቱ አልቆ ተማሪዎች ገብተውበታል፤ ከላይ ሲሚንቶ ማቡኪያው እየጮኸ ሌላ ፎቅ ይቀጠላል። ሰውየው የራስ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ሰማሁ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነበር!»

«ዛሬ አግኝተውት ነበር?»

«አላገኘሁትም። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እዚሁ ቢሮዬ ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ምሳም አልበላሁ።»

«በዚች ወረቀት ላይ ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። ስትወጣ እስከ በር ሸኛት፤ «ሰውን ያረጋጉት» አላት። «ስለ ሰኞ ይህን ያህል መፍራት አያስፈልግም። የሚዘጋው ቢዘጋ ዓለም አያልቅም።»

መምህሩ ግን ፈርቶ ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ደጋግሞ ይፈታል፣ ይቆልፋል። መስመሩ ሲጠፋ ተማሪዎችን በኢንተርኔት እየፈተነ እንደ ነበረ፣ ደንግጦ ግቢው ውስጥ ከርዕሰ መምህርቷ ጋር እንደ ቆመ ተናገረ። ርዕሰ መምህርቷም አረጋገጠች።

«በደብተሩ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ፣ ዲስክ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ የእርስዎ ነው» አለች መርማሪዋ። «ምን አስፈልጎዎት ነበር?»

«የ… የማስተማሪያ ጽሑፍ ነው።» ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ፈርተዋል፤ ማንን እንደ ሆነ ግን አላውቅም። አሥር ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ይምጡ። እስከዚያ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱ ሰዎችና የእህቱ ልጅ በንባብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ሳጅኑ የጓሮውን በር ጀርባው አድርጎ ቆመ።

«ሰውየው ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ያደረገው ቅርብ ማያ መነጽር ነበር። የላይ መደርደሪያ የሚፈልግ ሰው በዚህ መነጽር አይወጣም፤ ተቀምጦ ሲያነብ ነበር። ደሙ ደግሞ የመሰላሉ እግር ሥር ገብቷል። መሰላሉ ቀድሞ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ደሙ ዙሪያውን ይከበው ነበር እንጂ ተጨፍልቆ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ወደቀ፤ ቀጥሎ መሰላል መጣ።»

ባለ ኢንተርኔት ቤቱ «አቤት አምላኬ!» አለ።

«መቼ? ልጅቷ ኮቴ የሰማችው መስመሩ በጠፋበት ሰዓት ነው። ገዳዩ ያኔ እዚህ ውስጥ ነበር። ያቺ ሰዓት ደግሞ እንደ ሌላው ሰዓት አይደለችም። እኔ እንኳን ስልኬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የት እንደ ነበረ፣ ማን አጠገብ እንደ ቆመ ያስታውሳል፤ ፍርሃት አያስረሳም። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ አስፋልት ላይ ሲለፈልፍ ታይቷል። መምህሩ ከርዕሰ መምህርቷ ጋር ነበር። አንድ ሰው ብቻ…» የተፈረመችውን ወረቀት ዘርግታ አስቀመጠች። «አንድ ሰው ብቻ መስመሩ መጥፋቱንም አያውቅም። ከስድስት እስከ ሰባት በቪዲዮ ሲነጋገር ነበር።»

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞረ።

«እዚህ ውስጥ ከዲስክ ነበር የሚነበበው፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ አይታወቅም» አለች። «ከዚያም በጓሮ ወጥተው ሄዱ፤ ሥራ ቦታዎም ማቡኪያው ሲጮህ ስለ ዋለ ወሬው አልደረሰዎትም።»

ኢንጂነሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል። ለመሆኑ እኔ ይህን ሰው በምን ምክንያት እገድለዋለሁ?»

«እሱን መምህሩ ይንገሩን።»

መምህሩ ጠረጴዛውን ይዞ ተነሣ። «የክፍሌ ምሰሶ ተሰንጥቋል። ስናገር 'ልስኑ ነው፣ አፍህን ያዝ' ተባልኩ። እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ስለ ፈረሱ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች የተጻፈ ካለ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት። ትናንት ማታ ሲሸኘኝ 'አግኝቻለሁ፤ ግን ሰውየውን ሳልሰማ አልፈርድበትም' አለኝ። ማን እንደ ሆነ አልነገረኝም።»

መርማሪዋ ለልጅቷ ምልክት ሰጠቻት። ልጅቷ ተነሥታ የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች። «የመጨረሻውን ሥራ በሆዱ ይይዘዋል» አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

ማሽኑ አጉረመረመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሦስት ገጽ እስኪወጣ ዘመን መሰለ። በመጀመሪያው ላይ የፈረሰ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አለ። በሁለተኛው ላይ የስም ዝርዝር፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዕድሜ ተጽፏል፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ሰባት፣ ዘጠኝ። በሦስተኛው ላይ ፈቃዱ የተነጠቀው ባለሙያ ፎቶግራፍ። ያኔ ጢም ነበረው። ዓይኖቹ ግን የኢንጂነሩ ናቸው።

«ሰኞን ሁሉም ሲፈራት እርስዎ ግን ይጠብቋት ነበር» አለችው መርማሪዋ። «ኬላው ሲቆም ይህች ገጽ ወዲያ ማዶ ትቀራለች ብለው።»

ኢንጂነሩ እንደ ደከመ ሰው ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«ልገድለው አልመጣሁም። ዲስኩን ስጠኝ አልኩት። 'ምሰሶዎቹን አስፈትሽ፤ ወረቀቱን ውሰድ፤ ዲስኩ ግን እዚህ ይቀመጣል' አለኝ። ገፋሁት። የጠረጴዛው ጠርዝ…»

«በሩ ሲንኳኳ በሕይወት ነበር?»

ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የእህቱ ልጅ አልጮኸችም፤ እጇ ብቻ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ መታ።

ከሁሉ ቀድሞ የባነነው መምህሩ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የከሰዓት ተማሪዎች!» አለ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ውስጥ ናቸው!»

ሳጅኑ ለኢንጂነሩ ካቴና ሲያስገባለት ሌሎቹ ሮጡ። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ በዚያ ውፍረቱ ከፊት ነበር። መርማሪዋ ማቡኪያውን አስቁማ ሠራተኞቹን ከፎቁ አወረደች፤ መምህሩ ክፍል ለክፍል እየገባ «ደብተራችሁን ተዉት፤ ውጡ ብቻ!» ይላል። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ልጆች ሜዳው ላይ ተሰልፈው እስኪቆጠሩ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

ዓርብ ባለሙያ መጥቶ ምሰሶ ሰርስሮ አየ። ውስጡ መኖር ከነበረበት ብረት ግማሹ የለም። ሕንፃው ታሸገ።

ሰኞ ደረሰ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጦ አነጋ። ገጾቹ ተከፈቱ፤ አንዳንዶቹ ዘገዩ። መዘግየታቸው የኬላው ይሁን የወትሮው ይሁን የሚነግራቸው አልተገኘም፤ ድርጅቱም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ዝናብ ጣለ። ሳያባራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ጥላ ይዘው፣ ጥላ የሌላቸው ጆንያ ደርበው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ተሰበሰቡ። የጠራቸው አልነበረም። የሟቹ የእህት ልጅም ከመካከላቸው ቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ አንዳች ነገር ጓ አለ፤ ወዲያው በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ተተረተረና በመምህሩ ክፍል ላይ ተደረመሰ።

አቧራው በዝናቡ ውስጥ ቶሎ ተኛ። አንዲት እናት የልጇን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሆዷ አስጠጋችው።