ኮቱን ያበላሸው ድመት

«ኧረ ጉዴ ፈላ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዛሬ ባለቤቱ የሚወስደው ጥቁር ኮት ላይ የራሷ ድመት ሸንቶበታል።

ድመቱን ጌታው ይሉታል። አባቷ ከመሞታቸው በፊት በብብታቸው ሸጉጠው ያመጡት ነው፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ያገኘው ጨርቅ ላይ ሁሉ ጠብ ያደርጋል። እናቷ ተንኮል ነው ብለው ደምድመዋል። «ካልጠጣ አይሸናም» ብለው ውሃውን ደብቀውበት ነበር። ይባስ ብሎ አንሶላቸው ላይ ሲደግመው ካርቶን ውስጥ ከተቱት።

«ዛሬ ከዚህ ቤት ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ!» አሉ እናቷ።

የኮቱ ባለቤት የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ኮቱን ያሰፋው ለወንድሙ ሠርግ ነው። ለልክ በመጣ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጭተው፣ ሁለቱም ቶሎ ወደ ሜትሩ አቀርቅረው ነበር። ከእጅጌ ርዝመት ሌላ ያወሩት ነገር የለም።

«ዶክተር፣ ምን ብዬ ልንገርዎት» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ድመቴ ኮትዎን…»

ሐኪሙ ኮቱን ገልብጦ ነጩን ገበር አየ። ሮዝ ጠብታ አለበት። ቁጣ ስትጠብቅ፣ «ድመቱ የት አለ?» አላት። «ሽንቱ ደም አለው እኮ! ተንኮል አይደለም፤ የሽንት ፊኛው ተቆጥቶ እያቃጠለው ነው።»

ካርቶኑን ከፍቶ የጌታውን ሆድ ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሽንቱ ተዘግቷል። አሁኑኑ ወደ ክሊኒኬ ካልሄድን አይተርፍም።»

የልብስ ሰፊዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እናቷ ደረታቸውን መቱ። «ውሃ የከለከልኩት እኔ ነኝ! አፈር በበላሁ!»

ክሊኒኩ ውስጥ እሱ ቀጭን ቱቦ ሲያስገባ እሷ የድመቱን ጭንቅላት ይዛ ነበር። ሽንቱ መፍሰስ ሲጀምር ሁለቱም እፎይ አሉ። ከዚያ ተያዩ፤ በዚህ ጊዜ ያቀረቀረ አልነበረም።

«ሠርጉስ?» አለችው።

«ሙሽራው እኔ አይደለሁ፣ በሹራብ እሄዳለሁ» ብሎ ሳቀ።

እውነትም በሹራብ ሄደ። በማግስቱ ጌታውን ሊያይ መጣ። ደግሞ መጣ። አሁንም መጣ። ድመቱ እንደ ልቡ ይጠጣል፣ በወጉ አሸዋው ላይ ይሸናል፤ ሐኪሙ ግን ሆዱን መዳሰስ አልተወም። እጁ ድመቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ልብስ ሰፊዋ ላይ።

አንድ ቀን የእናቷ ትዕግስት አለቀ። «ልጄ፣ ድመቱማ ከዳነ ቆየ። ያልዳንከው አንተ ነህ። ተናገራ!»

ሐኪሙን ላብ አጠመቀው። «እማማ… እኔ… ልጅዎን ወድጃታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

«ያን ቀን ብትቆጣኝ ኖሮ፣ ይቅርታ ጠይቄ እረሳህ ነበር» አለችው። «አንተ ግን መጀመሪያ ስለ ድመቴ ጠየቅክ። እኔም ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳመሰግንህ እውላለሁ፤ ስወድህም እንደዚያው።»

«ተመስገን!» አሉ እናቷ። በሕይወታቸው አቅፈውት የማያውቁትን ድመት ብድግ አድርገው ታቀፉት። «ና ጌታው፣ እኛ እንውጣላቸው» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉላቸው።