የወንዙ ጥግ

«ቺናሚ፣ የወንዙ ጥግ ጎድሏል። ነይ እስቲ፣ እዚሁ ሥሪልኝ።»

የኮምፒውተር ክበቡ ሰብሳቢ ኩራሞቺ ይህን ያለው እየሳቀ ነው። ቺናሚ ግን ክው አለች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ይኸው ደረሰ።

ክበቡ ቅዳሜ ለሚከበረው የትምህርት ቤቱ በዓል ጌም እያዘጋጀ ነው፤ ወላጁም ጎረቤቱም ተሰልፎ ይጫወተዋል። የጌሙ ምድር የሚሠራው ንጣፍ ከሚሏቸው ትንንሽ አራት ማዕዘን ሥዕሎች ነው። አንዱን ሳር ከሌላው ሳር አጠገብ ስትደረድረው መስክ ይሆናል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ቺናሚ የመጀመሪያዋን ሳር ነጥብ በነጥብ ስትሥል ዋለች፤ ለብቻዋ ስትታይ ታምር ነበር። ለማሳመር ጣል ያደረገችባት ቢጫ አበባ ግን ሳሩ ሲደረደር በየቦታው ብቅ ብቅ አለችና መስኩን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ አስመሰለችው።

መላውን ያመጣችው ጓደኛዋ ሩሪ ናት። «አንቺ ደግሞ! ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሰጥ ሞልቶ! አረንጓዴውን ትንሽ ቀየር አድርጊው፣ ማን ያውቃል?»

ቺናሚ ሳሩንም ወንዙንም ከአንድ ገጽ ወሰደች። የሥዕሎቹ ባለቤት ገጹ ላይ «እንደ ልባችሁ ተጠቀሙበት፤ የራሴ ሥራ ነው ግን አትበሉ» ብሎ ጽፏል። ቺናሚ አንብባዋለች። አንብባም «የራሴ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድላትም። አምና የሥዕል ክበብ የሰው ሥራ ሰቅሎ ተገኘና በበዓሉ መሀል ክፍሉ ተዘጋ። ሥዕሉን ያመጣችውን ልጅ ዛሬም በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ኮራጇ» ነው የሚሏት።

አሁን ደግሞ ባለቤቱ ያልሠራው ጥግ ተፈለገ፤ ወንዙ ወደ ሳሩ የሚታጠፍበት።

«ያንቺ አሣሣል ነው እኮ። እኛ ብንነካው ይበላሻል» አለ ኩራሞቺ ወንበሩን እየለቀቀላት።

ተቀመጠች። አንድ አረንጓዴ ነጥብ አኖረች፤ አጠፋችው። ሌላ አኖረች፤ እሱንም አጠፋችው። የክበቡ ልጆች ከኋላዋ ቆመው ያያሉ።

«ምነው ዛሬ? እጅሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ እንዴ?» አለ የክፍሏ ልጅ ቶጎ። ሁሉም ሳቁ። ቺናሚ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች።

«ኧረ ተዋት!» ሩሪ ዘላ ገባች። «ትናንት ቮሊቦል ስንጫወት እጇን ወለም ብሏት ነው!» ብላ ለቺናሚ ጠቀሰቻት።

ኩራሞቺ ደነገጠ። «ታዲያ ለምን አትናገሪም? ተይው፣ ጥጉ ይቅር። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ሲወጣ ያንቺን መጀመሪያ ጽፌዋለሁ፤ ይገባሻል።» ይህን ብሎ ወደ ነርሷ ክፍል ሮጠ።

ቺናሚ ተነፈሰች። በቃ፣ ተረፈች ማለት ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

ኩራሞቺ እያለከለከ ተመለሰ። ለወለምታ የሚለጠፈውን ቀዝቃዛ መድኃኒት ይዟል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አጠገቧ በርከክ አለና እጇን ያዘ።

«ይቀዘቅዛል፤ ቻል አድርጊው እሺ?» አላት፣ የመድኃኒቱን ስስ ላስቲክ እየላጠ።

ከፍርሃቷ ይልቅ ይሄ ባሰባት። እጇን ሳብ አደረገች።

«እጄ ምንም አልሆነም» አለች። «ሳሩ ነው የኔ ያልሆነው። ከሰው ወስጄ ነው የኔ ያልኩት።»

ሩሪ አቀረቀረች። ኩራሞቺ የተላጠውን መድኃኒት እንደያዘ ቀረ፤ ጣቱ ላይ ተጣብቆበታል።

በሩ ክፍት ነበር። ሮጣ መውጣት አማራት። ግን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከሠሪዎቹ ዝርዝር ላይ ስሟን አጠፋችና በቦታው የሥዕሎቹን ባለቤት ስም ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረች።