ካፖርቴ እታች ነው

ደራሲው ሲሞት አጨበጨቡለት።

ክፉ ሆነው አይደለም፤ ንባቡ ያለቀ መስሏቸው ነው። አራቱ አድማጮች በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ እየሰሙ ነበር። ደራሲው ራሱ ፎቅ ላይ፣ አሮጌ ጋዜጦች በሚከማቹባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ ነው የሚያነበው። አንድ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ሲያነብ ሲያዛጉ አይቷቸው ነበርና ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ማየት አልፈለገም። ማን ይፈርድበታል?

አጨብጭበው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ጥያቄ ሊጠይቁት ቢጠብቁ አልወርድ አለ። ከአራቱ አንዷ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ወጥታ አየችው። ማይክሮፎኑ አጠገብ ተደፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እጁ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስታ» ነው የሚሏት። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ሰው ደግሞ ዝምታዋን ለመሙላት ሲል ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘከዝክላታል። ሐኪሙ ነገሩን ባጭሩ ነገራት፤ አስም ነው። ፓፉ፣ ያ አፍ ውስጥ የሚነፋው መድኃኒት፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ካፖርቱ ግን እታች አዳራሹ ውስጥ፣ በአራቱ ሰዎች መሃል፣ ባዶ ወንበር ላይ ነበር።

«ማንም አልወሰደበትም እኮ» አለች ኃላፊዋ ዓይኗን እየጠረገች። «ላይ ይሞቃል ብሎ ራሱ ነው ያወለቀው።»

«እሺ። መጨረሻ ላይ ያነበበው ምን ነበር?»

«እንጃ… ስለ አየር፣ ስለ ካፖርት። ውብ ነበር። እኔ ይህን መጽሐፍ ለመጣው ሰው ሁሉ ነው የምመክረው።»

ቀስታ ከሬሳው አጠገብ ያነሳችውን መጽሐፍ ብብቷ ሥር አድርጋ ከአድማጮቹ ወደ አንዱ፣ ወደ መምህሩ ሄደች።

«አንብበውታል?»

«ሦስት ጊዜ» አለ መምህሩ፣ አራተኛውን እንደጀመረ ሰው። «ሰው ከባድ ነው ይላል። ከባድ አይደለም፣ ጥልቅ ነው እንጂ። መጨረሻውን ብቻ ይመልከቱ። ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ቀለል አደረገው። ‹አየር አጠረኝ። ካፖርቴ እታች ነው። እባካችሁ አምጡልኝ።› ካፖርቱ ሥጋ ነው፣ ገባዎት? ነፍስ ከላይ ሆና ሥጋዋን ስትጠራ ማለት ነው። ከዚያ መጽሐፉን ጓ አድርጎ ዘጋው።»

ቀስታ ማይክሮፎኑ አጠገብ የተደፋው ሰውዬ ትዝ አላት። ጓ ያለው መጽሐፉ አልነበረም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፓፉን ማን ወሰደ የሚለውን ጥያቄ ተወችው። ሰውየው ጠርቷቸዋል። ጥሪ መሆኑን አውቆ ዝም ያለ አለ ወይ? የቀራት ይኸው ነው።

ሦስተኛዋን አድማጭ፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ሱቋ ውስጥ አገኘቻት።

«እኔ ውሸት አልችልም፣ እህቴ። ገጽ አንድ ላይ ተራራ ያረግዛል። ገጽ አስር ስደርስ ገና አልወለደም። እዚያው ምጡ ላይ ትቼው ወጣሁ።»

«ታዲያ ንባቡን ለምን መጡ?»

«ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የት ልሂድ? ሰውየው ደግሞ ደግ ነበር።» ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «‹ካፖርቴን አምጡልኝ› ሲል፣ ‹ዛሬ ገና ገባኝ› ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠው ለወንድሙ ሹክ አልኩት። ለቀልድ። ቃሉ ገብቶኝ፣ የመጽሐፉ መስሎኝ እኮ ነው የተቀመጥኩት፣ እህቴ።»

«ወንድሙ ሳቀ?»

«አልሳቀም። ወትሮ እኔን ቀድሞ ነው የሚስቀው። ያን ቀን ላብ አጥምቆት ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰዓት ጠጋኝ ነው። ቀስታ ስትገባ በእጁ ጠረጴዛውን አሳያት። ከጠረጴዛው እግር ሥር የወንድሙ መጽሐፍ ተወትፏል።

«ይኸው፣ ለጠረጴዛዬ ጠቅሞኛል። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ አልፌ አላውቅም። ጋሼም ያውቃል… ያውቅ ነበር።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«‹ዛፎቹም ጥላቸውን አጣጥፈው ሄዱ› አለ። አለቀ። ዛፍ ጥላውን እንደ አንሶላ ሲያጣጥፍ አይተው ያውቃሉ?»

ቀስታ ጎንበስ ብላ መጽሐፉን ሳብ አደረገችው። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ላዩ ላይ የተበተኑት ጥቃቅን የሰዓት ጥርሶች እንኳ ባሉበት ቀሩ። አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ በየወንበራቸው አስቀመጠቻቸው። ካፖርቱም ወንበሩ ላይ ነበር። ማንም ወደዚያ አይመለከትም።

«መምህር፣ ‹ካፖርቴ እታች ነው› የሚለው የት ጋ ነው?» ብላ መጽሐፉን ሰጠችው።

መምህሩ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጆሮው ጋለ።

«የለም» አለ።

«የለም። ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ብድግ ይል ነበር።»

«ገጽ አርባ ደርሻለሁ» አለ መምህሩ ወደ ጫማው አጎንብሶ።

«እኔ የጀርባ ሽፋኑን ነው» አለች ኃላፊዋ፣ ሳትጠየቅ።

«ሰውየው በሕይወቱ የተናገረው ቀላሉ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር» አለች ቀስታ። «የወደዳችሁት ጥልቅ ነው አላችሁ፣ የጠላችሁት ቀለዳችሁበት። የመጽሐፉ ቃል መስሏችሁ ነውና ያሳፍራል እንጂ አያስከስስም። አንድ ሰው ግን አልመሰለውም። መጨረሻ ላይ ስለሰማችሁት ስታወሩልኝ ሦስታችሁም ካፖርቱን ጠቀሳችሁ። አንዱ ዛፎቹ ላይ አቆመ። መጽሐፉም የሚያቆመው ዛፎቹ ላይ ነው። የመጽሐፉን መጨረሻ ለይቶ የሚያውቅ እስከ መጨረሻው ያነበበ ነው። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ገጽ አልፌ አላውቅም ነው ያለኝ። ጠረጴዛውም ድጋፍ አያስፈልገውም። መጽሐፉ ሰው አይቶ እንዲስቅ ነው የተወተፈው። ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ለስልሰዋል።»

ሰዓት ጠጋኙ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀበረ።

«ጋሼ የጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ» አለ። «ደጋግሜ። ግን ስንት ዓመት ስቀልድበት ኖሬ እንዴት ብዬ ልናገር? በቀደም ሱቅ መጥቶ ‹አነበብከው ወይ?› አለኝ። ‹ጠረጴዛዬን ጠይቀው› አልኩት። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።»

«ካፖርቴ ሲልስ?»

«ወዲያው ገባኝ። ብነሳ ‹መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ በምን አወቅክ?› ይሉኛል ብዬ… ደግሞ እነሱ አሉ። ሦስት ጊዜ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፣ አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይነሳሉ ስል፣ አጨበጨቡ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም አጨበጨብኩ።»

መምህሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሕጉ የሚለውን ዳኛ ያየዋል» አለች ቀስታ። «እንሂድ።»

ፀጉር ሠሪዋ ተነስታ ካፖርቱን አቀፈችው። የሰው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ሰዓት ጠጋኙ በሩ ጋ ሲደርስ፣

«ለመሆኑ ጥሩ ነው መጽሐፉ?» አለችው። ልታሾፍበት አልነበረም።

ዘወር አለ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ። የሚያየው እሷን አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያው ደግሞ ማውራት እንጂ መስማት አይችልም።